ዴልሂ ድረስ የወሰደኝ ምርጫ

ከአዲስ አበባ ዴልሂ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ልጄ የመተላለፊያውን ዳር ወንበር ስለያዘልኝ ሽንት ቤት ስመላለስ ማንንም አላስነሳሁም። የምሄደው ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ነው፤ ፕሮስቴት ያስቸገረው ሰው ይህን እፎይታ ያውቀዋል።

ወሩ ጥር ነበር። የዴልሂን ብርድ ማንም አልነገረኝም። ጎንደር ሲበርደን ጋቢ ደርበን እሳት ዳር እንቀመጣለን። እዚያ ያረፍንበት ክፍል ወለሉ በረዶ፣ ብርድ ልብሱ ስስ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ደግሞ ከመስኮታችን ሥር ሠርግ ነበር። ከበሮና ጥሩምባው እስከ ሰባት ሰዓት አላባራም። ሠርግ እወዳለሁ። ያን ሌሊት ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

ጠዋት አንድ ባጃጅ 300 ሩፒ ተቀበለን። ኋላ ስንጠይቅ 60 ይበቃው ነበር አሉን።

የመጀመሪያው ሐኪም ወረቀቶቼን አገላበጠ። ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ 14፣ የካንሰሩን ክፋት የሚለካው ግሊሰን 7፣ ካንሰሩ ከእጢው አልወጣም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሮቦት ኦፕራሲዮን እንዲሆን ወስኖ ቀን ቆረጠልኝ። ሆዴን አላየውም። እኔ በ2004 ዓ.ም. ጎንደር አንጀቴ ተጠማዞ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ከእምብርቴ ወደ ታች ረጅም ጠባሳ አለኝ። ልጄ ይህን ሊናገር ሲል ቀጣዩ ታማሚ ተጠራ። እስካሁን ያናድደኛል።

ኮሪደሩ ላይ ጥምጥም ያሰሩ አንድ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እሳቸውም የዚሁ በሽታ ታማሚ ናቸው። አስተርጓሚያችን ጉዳዬን ሲነግራቸው ክንዴን ያዙ። «ሌላ ሐኪም ሳያይህ፣ የጨረር ሐኪምም ሳትጠይቅ እንዳትፈርም» አሉኝ።

ሁለተኛው ሐኪም መጀመሪያ አስተኝቶ ጠባሳዬን ዳሰሰ። ቀጥሎ የድሮውን የኦፕራሲዮን ወረቀት ጠየቀ። ባለቤቴ ሻንጣው ውስጥ ከትታው ነበር፤ ቢጫ ሆኗል። ሲግሞይድ የሚባለው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ መሰፋቱን ይናገራል። ሐኪሙ አንብቦ በእርሳስ ሥዕል ሠራልኝ።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነው የሚለው» እያለ አስተርጓሚው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ሆድ አንዴ ከተከፈተ አንጀት እርስ በርሱና ከሆድ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ሮቦቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በዚያው በሆድ ውስጥ ነው። የተጣበቀውን ሲያላቅቁ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ፕሮስቴት ግን ከፊኛ ሥር፣ አንጀትን ከሸፈነው ስስ ሽፋን ውጭ ነው። ከእምብርት በታች ቀድዶ፣ በፊኛው ፊት ለፊት አንጀት ሳይነኩ የሚደርሱበት መንገድ አለ። የቆየው ኦፕራሲዮን የሚሄደው በዚያ ነው።

የጨረር ሐኪሟ ደግሞ ሲቲ ስካኑን አሳየችኝ። ያልተጣበቀ አንጀት ስለሚንቀሳቀስ ጨረሩ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አያርፍበትም። የእኔ አንዱ እጥፋት ግን ወደ ታች ወርዶ ፊኛው አጠገብ ስለተጣበቀ ጨረሩ በየቀኑ እዚያው ያርፍበታል። ሕክምናው በሳምንት አምስት ቀን፣ በጠቅላላው 20 ጊዜ ነው፤ ከሆርሞን መርፌ ጋር። አይቻልም አላለችም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላም አንጀቴ ሊደማ ወይም ሊጠብ እንደሚችል ነገረችኝ።

ኦፕራሲዮኑም ዋጋ አለው። ሽንት ሊያመልጥ፣ ወንድነትም ሊደክም ይችላል። ሐኪሙ አልደበቀኝም። ማታ ባለቤቴ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። «አንተ ብቻ ኑርልኝ» አለች።

በማግሥቱ የቆየውን ኦፕራሲዮን መረጥኩ። ሐኪሙ ራሱ «ይህን አዲስ አበባም የሚሠሩት አሉ፣ ጥቂት ሳምንት መቆየቱ አይጎዳህም» አለኝ። እዚያው አስተኝቶ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር። አላደረገውም። ዕድሜ ይስጠው።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌው ባንግላ ሳሂብ ወደሚባለው ቤተ መቅደሳቸው ወሰዱን። ጫማ አውልቀን፣ ራሳችንን ሸፍነን ገባን። ሀብታሙም ድሃውም መሬት ላይ ተደርድሮ ምስርና ቂጣ ይበላል፤ ክፍያ የለም። የሰፈራችን ሰንበቴ ትዝ አለኝ። ሳልጠይቃቸው ቂጣ ጨመሩልኝ።

ስንመለስ ያቺን ቢጫ ወረቀት ሻንጣ ውስጥ አልከተትኳትም። አዲስ አበባ እስክንደርስ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች።