ርካሽ የሚመስለው የቅንጦት መኪና

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች "ይህን መኪና በዚህ ዋጋ ልግዛው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። የላኩልኝ ፎቶ ተመሳሳይ ነው። ትልቅ የጀርመን ሴዳን፣ ስድስት ሰባት ዓመት ያገለገለ፣ ዋጋው የአዲሱን ሲሶ የማይሞላ። ስሜታቸው ይገባኛል። እኔም እንዲሁ ነው የገዛሁት።

ቆዳው ገና አልተሸበሸበም ነበር፤ በሩን ስዘጋው ደግሞ የውጪው ጫጫታ በሙሉ ጠፋ፣ በቃ እዚያው ላይ ልቤ ሄደ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ስወጣ መኪናው በግራ የፊት ጎኑ ቁጭ ብሏል። ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ገብቶ ጣት እንኳ አያሳልፍም። ሞተሩን ሳስነሳ ከሥር አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር እየጮኸ ሊያነሳው ይታገላል፣ ግን ንቅንቅ የለም። መካኒኩ እጁን አስገብቶ ዳሰሰና "የአየር ባሎኑ ላስቲክ ተሰንጥቋል" አለኝ፤ በስፕሪንግ ፈንታ መኪናውን በአየር ከፍ አድርጎ የሚይዘው ማለቱ ነው። አየር ሲያፈስ ስለከረመ ኮምፕሬሰሩም ያለ እረፍት ሲሠራ ደክሟል። የሁለቱን ዋጋ ሲነግረኝ ዝም አልኩ።

ዋጋው የወረደው የመኪናው ነው፣ የመለዋወጫው አይደለም። ባሎኑ የተሠራው ለውድ መኪና ነው፣ ሲገዛም በውድ መኪና ዋጋ ነው። የፋብሪካው ዋስትና እስካለ ድረስ ይህን ሁሉ ፋብሪካው ይሸፍናል። ዋስትናው ሲያልቅ ሸክሙ ወደ ባለቤቱ ይዞራል፣ ገበያውም ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ያ "ቅናሽ" የምትሉት ገንዘብ ገና ያልመጣ የጥገና ሂሳብ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እንደ መርሴዲስ ኤስ ክላስና ቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ያሉትን አዲስ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው አዲስነቱን ራሱን ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በሊዝ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ ኪራይ፣ ይወጡና ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ገበያውን ያጥለቀልቁታል። ኤስ ክላስ እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀይሮ ወጣ፣ በ2020 እንደገና ተቀየረ፤ አዲሱ በታየ ማግስት የቀድሞው ስክሪን ያረጀ ይመስላል፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን። በብዙ ገበያ እነዚህ መኪኖች በአምስት ዓመት ግማሽ ዋጋቸውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣሉ።

ሁሉም እንዲህ አይደለም። የስፖርት መኪናው ፖርሽ 911 እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ መልኩ ከሩቅ ይታወቃል፣ ፈላጊም አያጣም፤ ስለዚህ ዋጋው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ማክላረን ኤፍ 1 የተባለው የስፖርት መኪና ደግሞ በጠቅላላው 106 ብቻ ስለተሠራ ዛሬ ዋጋው ከአዲስነቱ እጅግ ይበልጣል። እኛ የምንመኛቸው ሴዳኖች ግን በብዛት ነው የሚመረቱት።

አሁንም ልግዛ ካላችሁ የሰርቪስ መዝገቡን ጠይቁ፣ በኮምፒዩተር አስመርምሩት። ከሁሉ በላይ ሻጩን ለምናችሁም ቢሆን መኪናው አንድ ሌሊት ሳይነሳ እንዲያድር አድርጉ። ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በአራቱም ጎማ ላይ ያለውን ክፍተት በእጃችሁ ለኩ። እኔ ያየሁት ቀን ላይ ነበር፣ ያውም ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀኝ።