በአዳማ ክረምት የትኛው መንገድ ይጠገናል?

አዳማ ላይ በክረምት መንገድ የሚፈርሰው በራሱ ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ ደለል ይዞ ቦዩን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ አስፋልትም ሆነ ኮብልስቶን ሰኔ ሳይገባ የቦይና የቱቦ ጠረጋው ይቅደም። የወጣውን ደለል ቦዩ ዳር ከምሮ መተው ግን እንዳልጠረጉት ነው፤ የመጀመሪያው ዶፍ መልሶ ይከተዋል።

በክረምት መሃል ለጥገና የሚመቸው ኮብልስቶን ነው። ሬንጅ ማሞቅ የለ፣ ሲሚንቶ እስኪደርቅ መጠበቅ የለ፤ ግማሽ ቀን ካባራ ይበቃል። ጉዳቱን ለማየት ዝናቡ እንዳቆመ መውጣት ነው። ሌላው ደርቆ ሳለ ከአንድ መጋጠሚያ ውኃ እየመነጨ ደቃቅ አሸዋ የሚተፋ ከሆነ ሥሩ ተቦርቡሮ አልቋል፤ ድንጋዩ የሚሰምጠው ከባድ መኪና ሲያልፍበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ለውኃ መስመር ተቆፍሮ በደንብ ሳይጠቀጠቅ የተደፈነ ቦታ ላይ ነው።

ከሰመጠው ጠርዝ ግማሽ ሜትር አልፎ ድንጋዩን ማንሳት፣ የራሰውን አፈር ጠንካራው እስኪገኝ ማውጣት፣ ገረጋንቲ በ15 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየጠቀጠቁ መሙላት። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፤ በላዩ ያው የተነሳው ድንጋይ ይመለሳል። ከጎኑ ካለው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይደርደር፣ ሲመታ ይወርዳል። የመጋጠሚያው አሸዋ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥቡ አፉ ላይ ይቀርና ሥሩ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አሸዋውን በላስቲክ መሸፈን ነው። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ማሰር ግን ስህተት ነው፦ ይሰነጠቃል፣ ውኃው ይገባል፣ መውጫ ያጣል።

አስፋልት ሌላ ነው። ሬንጅ እርጥብ ነገር አይዝም። ጉድጓዱ ጎኑ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ፣ ተጠርጎና ደርቆ፣ ወለሉም ጎኑም ቀጭን ሬንጅ ተቀብቶ ነው ትኩሱ አስፋልት የሚገባው። ይህ በነሐሴ ካልተቻለ የተፈጨ ጠጠር ጠቅጥቆ መስከረምን መጠበቅ ይሻላል። በአፈር መድፈን አይሆንም፤ ጎማው ጭቃውን እየረጨ ያወጣዋል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል።

ገረጋንቲ መንገድ ከመሃል ወደ ዳር በየ1 ሜትሩ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር መውረድ ይኖርበታል። ውኃ የተኛበትን በግሬደር መግፋት ጭቃና ጠጠር ማቡካት ነው። ውኃው ተንጣፎ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ መግፋት፤ ግሬደሩ ዳርና ዳር የሚተወውን ክምርም በየቦታው በአካፋ ከፍቶ ለውኃው መውጫ መስጠት።