የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪዎችን አንድ ማድረግ፦ ማን ይፈቅዳል፣ ማን ይመዝናል፣ ማን ይከፍላል?

የከፍተኛ ትምህርት ቁጥጥር ለብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲከፋፈል ጉዳቱን ቀድሞ የሚያየው የሕግ ባለሙያው ሳይሆን አዲስ ፕሮግራም ለማስፈቀድ ሰነድ የሚያዘጋጀው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነው። ህንድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። የዩኒቨርሲቲዎች የድጎማ ኮሚሽን በ1956 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ የቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤት በ1987፣ የመምህራን ትምህርት ምክር ቤት ደግሞ በ1993 በወጡ ሕጎች ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ የምህንድስና ኮሌጅ ከቴክኒክ ትምህርት ምክር ቤቱ ፈቃድ ያወጣል፤ ዲግሪውን በስሙ የሚሰጠውን ዩኒቨርሲቲ ያስፈቅዳል፤ ከክልሉ መንግሥትም ጋር ጉዳይ አለው። ጥራቱን የሚመዝኑት ደግሞ በ1994 የተቋቋሙ ሌሎች አካላት ናቸው። የመምህራኑ ቁጥር፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ይዞታ በአንዱ ዘንድ ተመርምሮ ካለፈ በኋላ እንደገና ለሌላው በሌላ ቅጽ ይቀርባል። ለማስተማር መዋል የነበረበት የመምህራን ጊዜ ሰነድ በመሙላት ያልቃል።

ስለዚህ አንድ ተቆጣጣሪ አካል ይኑር የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ። ሆኖም የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አጥፎ በአንድ ማኅተም ሥር ማሰባሰብ በራሱ ማሻሻያ ነው ብዬ አላምንም። ፈቃድ መስጠት፣ ጥራትን መመዘን እና ገንዘብ መደልደል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፈቃድ የሰጠው አካል ራሱ ጥራቱን ቢመዝን የራሱን ውሳኔ ስህተት ለማመን ይቸገራል፤ በጀቱንም የሚይዘው እርሱ ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ያለው ተቋም አፉን ይዘጋል።

ህንድ በዚህ ጥያቄ ላይ ዓመታት ፈጅታለች። በፕሮፌሰር ያሽ ፓል የተመራው ኮሚቴ አንድ የበላይ አካል እንዲቋቋም የመከረው በ2009 ነበር። በ2018 የድጎማ ኮሚሽኑን የሚያስቀር ረቂቅ ሕግ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ከፍተኛ ተቃውሞ ያስነሳው ነጥብ ገንዘብ የመደልደሉ ሥልጣን ወደ ሚኒስቴሩ መዛወሩ ነበር። የ2020 የትምህርት ፖሊሲ መልሱን በአንድ ኮሚሽን ሥር አራት ራሳቸውን የቻሉ ክንፎች እንዲኖሩ በማለት አስቀመጠው፦ አንዱ ለቁጥጥር፣ አንዱ ለጥራት ምዘና፣ አንዱ ለድጎማ፣ አንዱ ደረጃዎችን ለማውጣት። በ2025 መጨረሻ ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ግን የድጎማውን ክንፍ ትቶ በሦስት ምክር ቤቶች ተወስኗል። ቦርሳውን ከተቆጣጣሪው እጅ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ድልድሉ አስቀድሞ በታወቀ ቀመር ካልተሠራና በየዓመቱ ለሕዝብ ካልተገለጸ ገንዘቡ ወደ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መሄዱ ተቋማቱን የበለጠ ጥገኛ ያደርጋቸዋል።

የእንግሊዝ ተሞክሮ ደግሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም አንድ አካል ከተቋቋመ በኋላ የሚመጣውን ችግር በግልጽ ያሳያል። በ2017 በወጣው ሕግ መሠረት የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ የተባለው ተቆጣጣሪ በ2018 ሥራ ጀምሮ የቀድሞውን የገንዘብ ምክር ቤትና የፍትሐዊ ተደራሽነት ቢሮ ተካ። ቢሮው ብሉምስበሪ የተባለውን ተቋም አልመዘግብም ባለ ጊዜ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2020 ውሳኔውን ሻረው። ለምዝገባው መመዘኛ የሆኑት የቁጥር ገደቦች ለተቋማቱ አልተገለጹም፤ የወሰናቸውም በአግባቡ ውክልና ያልተሰጠው ኃላፊ ነበር። ያልታወቀ መስፈርት አላሟላህም ተብሎ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የቀረ ተቋም ተማሪዎቹ የመንግሥትን የትምህርት ብድር የማግኘት ዕድላቸውን ያጣሉ። ብዙ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር አንዱ ቢሳሳት ሌላው ሊያርመው ይችል ይሆናል፤ አንድ ብቻ ሲሆን ግን የሚቀረው መንገድ ይግባኝ ነው። ስለዚህ ከተቆጣጣሪው ውጪ የሆነ፣ ፈጣንና ርካሽ የይግባኝ አካል በዚያው በማቋቋሚያ ሕጉ ውስጥ መደንገግ አለበት እላለሁ።

በዚያው በእንግሊዝ ጥራትን እንዲመዝን በሕግ ተመድቦ የነበረው ነጻ ኤጀንሲ፣ የሚጠየቀው አሠራር ከአውሮፓ የጥራት ማረጋገጫ መስፈርት ጋር አልሄድ ስላለው በመጋቢት 2023 ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ ምዘናውን ተቆጣጣሪው ራሱ ተረከበው። ፈቃድ ሰጪውና መዛኙ አንድ የሆኑት ማንም ሳያቅድላቸው ነው።

አውስትራሊያ በ2011 ብሔራዊ ተቆጣጣሪዋን ስታቋቁም ቁጥጥሩ አስፈላጊ፣ ከአደጋው ጋር የተያያዘና ተመጣጣኝ እንዲሆን በሕጉ ላይ ጽፋለች። እንደዚያም ሆኖ በ2013 የተደረገ ግምገማ በተቋማቱ ላይ የሚጫነው ሸክም እንዲቀል መክሯል። መርሁ በሕግ መስፈሩ መልካም ነው፤ በሥራ መዋሉ ግን የሚወሰነው መሥሪያ ቤቱ በሚቀጥራቸው ባለሙያዎች ነው።

ብዙ ረቂቆች በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት ጉዳይ የሽግግሩ ጊዜ ነው። አየርላንድ በ2012 አራት አካላትን ወደ አንድ ስታዋህድ የነባሮቹ ሠራተኞች፣ መብቶችና ግዴታዎች ወደ አዲሱ እንዲተላለፉ ሕጉ ራሱ ደንግጓል። በአሮጌው ተቆጣጣሪ ፈቃድ ተመዝግቦ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ አዲሱ አካል ፕሮግራሙን ባያድስ ትምህርቱን የት እንደሚጨርስ፣ ዲግሪውን ማን እንደሚፈርምለት እና የትምህርት ማስረጃው በየትኛው መዝገብ እንደሚጠበቅ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ረቂቁ ሳይጸድቅ በፊት እዚያው ሊጻፍ ይገባል።