ካርቦን ፋይበርን መጭመቅ፤ ሁለተኛውን ጌጅ የከለከሉኝ ጊዜ

ካርቦን ፋይበር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መሳብ ጥንካሬው ነው። የጃፓኑ የፋይበር አምራች ቶሬይ በሚያወጣው መረጃ ቲ300 የተባለው ፋይበር ሲሳብ 3530፣ ቲ700ኤስ ደግሞ 4900 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ይችላል፤ ሁለቱም 60 በመቶ ፋይበር ይዘው ክሮቹን ከሚያጣብቀው ሙጫ፣ ከኢፖክሲ ጋር ሲዋሐዱ ግን የመጨመቅ ጥንካሬያቸው እኩል 1470 ነው። በመጨመቅ ጊዜ ወሳኙ ክሮቹ ምን ያህል ቀጥ ብለው እንደተኙና ኢፖክሲው ምን ያህል እንደሚደግፋቸው ነውና፣ 7 ማይክሮሜትር የሚወፍሩት ክሮች ሁለት ዲግሪ ያህል እንኳ ቢዛነፉ በጠባብ መስመር ላይ ተያይዘው ይታጠፋሉ።

ለመመረቂያ ጥናቴ የቲ700ኤስ ፕሪፕሬግ (ኢፖክሲ አስቀድሞ የገባበት የፋይበር ንጣፍ) ደረደርሁ፣ በኦቶክሌቭ (በሙቀትና በግፊት በሚሠራ ምድጃ) አጠነከርሁ፣ ወርክሾፕ ወስጄ አስቆረጥሁ። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ኤኤስቲኤም ዲ6641 በተባለው የመጨመቅ ሙከራ ስታንዳርድ አሠራር 140 ሚሊሜትር ከሚረዝመው ናሙና ከመያዣው ውጭ የሚቀረው መካከለኛው 13 ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጭነቱ ከፊሉ በጫፎቹ፣ ከፊሉ በመያዣው በኩል ይገባል። ጫፎቹ ትይዩ ካልሆኑ አንዱ ፊት ቀድሞ ይሸከምና ናሙናው ይጎብጣል፤ ይህን የሚያጋልጠው በሁለቱም ፊት የሚለጠፍ ስትሬን ጌጅ (ናሙናው ምን ያህል እንዳጠረ ወይም እንደተለጠጠ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን «አንድ ይበቃል፤ ሁለተኛው ብክነት ነው» ብለው ጥያቄዬን ሳይፈርሙ መለሱልኝ። ውጤቱ ከሚጠበቀው እጅግ ወርዶ ሲመጣ ደግሞ ፋይበሩን ወቀሱ። የተሰበሩትን ናሙናዎች በማጉያ ሳያቸው መካከላቸው ደህና ነው፤ የተበተነው እንደ አሮጌ መጥረጊያ ጫፋቸው ነው፣ ያውም በአንድ ወገን። ጫፍ ላይ የደቀቀ ናሙና ስለ ቁሱ ጥንካሬ የሚናገረው እንደሌለ ባስረዳቸውም «ማሽኑ ያነበበው ያው ነው» ብለው ሪፖርቱን በማኅተም አጸደቁት። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

ጌጆቹን ከኪሴ ገዝቼ፣ ጫፎቹንም ውሃ እየፈሰሰባቸው በአልማዝ ግራይንደር አስተካክዬ ስደግመው፣ የሁለቱ ፊት ጌጆች ንባብ መስመሮች እስከ ስብራቱ ድረስ ተጣብቀው ሄዱ፤ ስብራቱም መካከል ላይ ሆነ።

ስታንዳርዱ መጉበጡን በጥቂት ናሙናዎች ላይ ብቻ ማረጋገጥን ይፈቅዳል፤ እኔ አልስማማም። በእያንዳንዱ ናሙና በሁለቱም ፊት ጌጅ ይለጠፍ፤ የሁለቱ ንባብ ልዩነት ለድምራቸው ተካፍሎ ከ10 በመቶ ካለፈ ያ ውጤት ይጣል። ገንዘብ ካጠረ ከጌጁ ይልቅ የናሙናውን ብዛት መቀነስ ይሻላል። ሁሉንም ክር በአንድ አቅጣጫ ከመደርደርም ከጭነቱ አቅጣጫ አንጻር 0 እና 90 ዲግሪ እያፈራረቁ ሠርቶ የ0 ዲግሪውን ጥንካሬ በስሌት ማውጣትን እመርጣለሁ፤ ለስብራት የሚያስፈልገው ጭነት ስለሚያንስ ጫፉ ቀድሞ የመድቀቅ ዕድሉ ይቀንሳል።