የኢማሞቹ ድልድይ

የባግዳድ የሺዓዎች ሰፈር ወደሆነው ካዚሚያ ለመግባት ሦስት ቦታ ተፈተሽኩ። የመጨረሻዋ ፈታሽ እጇን አባያዬ ሥር እየሰደደች «ይቅርታ፣ ዓይኔ» አለችኝ። ባግዳድ ውስጥ ሰው ሁሉ «ዓይኔ» ነው። ዱባይ ስሠራ የለመድኩት አረብኛ እዚህ ቢያደናግረኝም ይቺን ቃል ወዲያው ወደድኳት።

መስጊዱ ላይ ሁለት የወርቅ ጉልላት ያበራል። የሺዓዎቹ ሰባተኛው ኢማም ሙሳ አል ካዚምና የልጅ ልጃቸው፣ ዘጠነኛው ኢማም ሙሐመድ አል ጀዋድ፣ እዚህ አርፈዋል። ሴቶቹ የመቃብሩን ፍርግርግ ጨብጠው ያለቅሳሉ። አጠገቤ የነበረች ልጅ አረንጓዴ ክር ቋጠረችበት።

ፍተሻው ያለ ነገር አልበዛም። በሳዳም ዘመን ሺዓዎች አሹራን፣ ኢማም ሑሴን እ.ኤ.አ. በ680 ካርባላ ላይ የተገደሉበትን ቀን፣ እንደልባቸው አደባባይ ወጥተው ማሰብ አይችሉም ነበር። ሳዳም በ2003 ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2004፣ ሕዝቡ በነፃነት ሊያለቅስ ወጣ። ያን ዕለት ጠዋት እዚህና ካርባላ ፈንጂ ተከታትሎ ፈነዳ። ከ140 በላይ ሰው አለቀ። አሜሪካኖቹ የጽንፈኛው ታጣቂ መሪ የዛርቃዊ ሥራ ነው አሉ። የካዚሚያ ሰው ግን የደረሱትን የአሜሪካ ወታደሮች በድንጋይ ነው የተቀበላቸው። አልፈርድበትም። አገር የያዘ ሰው የአገሬው ነፍስ ዕዳው ነው።

ከመስጊዱ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። የሺዓዎቹን ካዚሚያና የሱኒዎቹን አዕዘሚያ ጤግሮስ ላይ የሚያገናኘው እሱ ነው። ኦገስት 31 ቀን 2005 ለኢማም ሙሳ ሙት ዓመት የመጣ ሕዝብ ሞልቶት ነበር። ቀደም ብሎ መስጊዱ አካባቢ ሞርታር ወድቋል። ድልድዩ ላይ «አጥፍቶ ጠፊ አለ!» የሚል ወሬ ተነሳ። ፈንጂ አልነበረም። ወሬው ብቻ በቃ። ሰው በሰው ላይ ተረጋገጠ፣ የድልድዩ አጥር ተገነጠለ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያን ቀን የገደላቸው የአምናና የካቻምናው ፈንጂ ነው፤ ፍርሃቱን አጥንታቸው ውስጥ ትቶት ሄዶ ነበር።

ድልድዩ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ ሰውዬ በኢስቲካን፣ በትንሿ የሻይ ብርጭቆ፣ ቀዱልኝ። ያን ዕለት ከእናታቸው ጋር ነበሩ።

«እጇን ይዤ ነበር። ሕዝቡ ከእጄ ነጠቀኝ» አሉኝ፣ ቀኝ መዳፋቸውን እያዩ።

የአዕዘሚያ ልጆች ወንዙ ውስጥ እየዘለሉ ሰው ሲያወጡ ነበር። አንድ የሱኒ ወጣት ብዙ ሰው አድኖ በመጨረሻ እሱ ራሱ ሰጠመ። ስሙን ሁለቱም ሰፈር ያውቀዋል።

«እናትዎስ?» አልኳቸው።

«ማዶ አገኘኋት፣ አዕዘሚያ። ባዶ እግሯን ቆማለች። አንዲት የማታውቃት ሴት ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሰጠቻት።» ኢስቲካኔን ደግመው ሞሉት። «እናቴ አርፋለች። ጫማው ግን እስካሁን በራችን ሥር አለ፣ ዓይኔ። ማንም አያነሳውም።»