አስፋልት እንደ በረዶ አይምርም

የምሠራው ከዴንቨር ወጣ ብሎ፣ ወደ ተራሮቹ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ የስኪ ዕቃ ማከራያና መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ዊንተር ላይ ሥራችን ቡት መለካት፣ የስኪ ጠርዝ መሳልና ሰም መቀባት ነው። ሰመር ሲመጣ ስኪዎቹ መጋዘን ይገባሉ። መደርደሪያውን ብስክሌትና ሮለር ብሌድ፣ ማለትም ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት የመንሸራተቻ ጫማ፣ ይረከበዋል። አብዛኛው ሰው ሮለር ብሌድ የሚከራየው ፓርክ ውስጥ ለመንሸራሸር ነው። ጥቂቶች ግን በረዶው እስኪመለስ ድረስ የስኪ ካርቪንግን፣ ማለትም በስኪው ጠርዝ ቅስት እየሠሩ መውረድን፣ አስፋልት ላይ ለመለማመድ ይፈልጉታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኦልሰን የሚባሉት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1980 ሚኔሶታ ውስጥ ሮለርብሌድ የተባለውን ኩባንያ ሲጀምሩ፣ ያሰቡት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች በሰመር የሚለማመዱበትን ጫማ ነበር። ጀርመን ውስጥ ደግሞ አስፋልት ቁልቁለት ላይ ዘንግ አቁመው በዚሁ ጫማ ስላሎም፣ ማለትም በዘንጎቹ መሀል እየተጠማዘዙ መውረድ፣ የሚወዳደሩ ክለቦች አሉ። የእኛም ሰው ከዚህ ታሪክ አልራቀም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በዊንተር ኦሎምፒክ ተወዳድሯል። ለዚያ ሲዘጋጅ ባለ ጎማ ስኪ አድርጎ አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። የእሱ ዘርፍ አገር አቋራጭ ስኪ ስለሆነ ከካርቪንግ ይለያል። ቢሆንም ለደንበኞቻችን ሁሌም አነሳዋለሁ፤ በረዶ የለም ብሎ ቁጭ ያላለ ሰው ነው።

ካርቪንግ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስኪ ከፊትና ከኋላ ሰፊ፣ ወገቡ ላይ ጠባብ ነው። በጠርዙ አጋድማችሁ ክብደታችሁን ስትጭኑበት ይለመጥና በራሱ ቅስት ይሠራል። በደንብ ከተሠራ በረዶው ላይ የሚቀረው ሁለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ካልሆነ ስኪው ወደ ጎን እየተንሸራተተ በረዶውን ይጠርጋል። አብዛኞቻችን የምንነዳው በሁለቱ መካከል ነው። ቅስቱን በጠርዝ እንጀምራለን፤ ፍጥነቱ ሲያስፈራን ተረከዛችንን ወደ ውጭ ገፍተን እንጠርጋለን። በረዶው ዝም ብሎ ይቀበለናል። ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ ስህተቱም አይታይም።

ጎማ ላይ ይሄ የለም። የሮለር ብሌድ ጎማ ደረቅ አስፋልት ሲያገኝ ጨምድዶ ይይዛል። ወደፊት ያለ ችግር ይንከባለላል፤ ወደ ጎን ግን አይሄድም። ባልደረባችንን የጎዳው ይሄ ነው።

ልጁ ዊንተር ላይ ስኪ ያስተምራል፣ ሰመር ላይ ከእኛ ጋር ይሠራል። ካየኋቸው ጥሩ ስኪ ነጂዎች አንዱ ነው። ከሱቁ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ ወደ ታች ትንሽ ያዘቀዝቃል። በእግር ስትሄዱ ቁልቁለት መሆኑ እንኳ አይታወቃችሁም። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሮለር ብሌድ አድርጎ፣ የስኪ ዱላዎቹን ይዞ ወጣ። ሄልሜት አድርጓል። የእጅ አንጓ መከላከያው ግን ዱላውን በደንብ ስላላስጨበጠው አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

የመጀመሪያዎቹ ቅስቶች ያምሩ ነበር። ትከሻው ጸጥ ብሏል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ልክ ተራራ ላይ እንደምናውቀው። ግን እያንዳንዱን ቅስት ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ይገባ ነበር። ጎማ ደግሞ ከበረዶ በተለየ ምንም አይጎትታችሁም፤ ያገኘውን ፍጥነት ይዞ ይቆያል። ፓርኪንጉ መሀል ሲደርስ ፍጥነቱ ከሚፈልገው በላይ ሆነ። በዚያች ቅጽበት ሰውነቱ በረዶ ላይ ሁሌም የሚያደርገውን አደረገ። ተረከዙን ወደ ውጭ ገፋ። ጎማዎቹ አስፋልቱን ጨብጠው ቀጥ አሉ። እግሩ ቆመ፣ ሰውነቱ ግን አልቆመም። በውጭ በኩል ተወርውሮ እጁን አስቀድሞ ወደቀ።

አንጓው ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየ። ያ ሁሉ ችሎታ እያለው መጎዳቱ ብዙ አሳሰበን። ጀማሪ ቢሆን ኖሮ እዚያ ፍጥነት ላይ ባልደረሰ ነበር። አደጋው የመጣው ከችሎታው ነው። በራስ መተማመኑ አብሮት ወደ አስፋልት መጣ፤ የሚያድነው ልማድ ግን በረዶ ላይ ብቻ የሚሠራ ነበር።

አለቃችን በወጣትነቷ ስላሎም የተወዳደረች ሴት ናት። በማግስቱ ሱቁን ዘግይታ ከፈተች። ጥፋቱ የማን ነው የሚል ወሬ አላነሳችም። ጠመኔ ይዛ ሁላችንንም ወደ ፓርኪንጉ ወሰደችን።

«በረዶ ላይ ፍሬናችሁ ምንድን ነው?» አለችን።

ስኪውን ወደ ጎን ማዞር፣ አልን።

«እዚህስ?»

አንዱ የተረከዝ ፍሬኑን አሳያት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ለፓርክ ጥሩ ነው። ቅስት ውስጥ ሆናችሁ፣ በፍጥነት ላይ፣ እግር አንስታችሁ እሱን ልትፈልጉ አትችሉም። እዚህ ፍሬናችሁ መስመራችሁ ነው።»

ከዚያ አስፋልቱ ላይ አንድ ትልቅ ቅስት ሣለች። ቅስቱ መጀመሪያ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጎን ይሄዳል፤ እዚያ ግን አያበቃም። ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል። ይሄ መጨረሻው ነው ቁም ነገሩ። ሮለር ብሌዱ ሽቅብ ሲዞር ማንም ሳይነካው ፍጥነቱን ያጣል። በቂ ሽቅብ ካዞራችሁት ይቆማል። አንድ ቅስት ብቻ፣ እስኪቆም ድረስ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ተመልሶ መውጣት። ጠዋቱን ሙሉ የሠራነው ይሄን ነው።

መነሻው መጀመሪያ ወደ ጎን የቀረበ ነው። ስትለምዱት መነሻችሁን ትንሽ ወደ ታች ታዞራላችሁ። ከዚያ ሌላ ትንሽ። የሳለቻቸው መስመሮች ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ማራገቢያ ተዘረጉ። የስኪ አስተማሪዎች ይሄን ዘዴ ተራራ ላይም ይጠቀሙበታል። በጎማ ላይ ግን ማጭበርበር አይቻልም። ቅስቱን ካልጨረሳችሁ አትቆሙም፣ በቃ። ቀጥ ብሎ ከመውረድ አንድ ደረጃ በፊት ያለው መስመር ላይ ስትደርሱና በራሳችሁ መስመር ስትቆሙ የሚሰማው ደስታ ቀላል አይደለም።

ሰውነት የሚሠራውም ነገር እዚህ ጥርት ብሎ ይታያል። ብዙ ሰው ቅስት ውስጥ ሲገባ ትከሻውን ወደ ውስጥ ይጥላል። እንደ ሞተር ብስክሌት ነጂ ሙሉ ሰውነቱን ያጋድላል። ያኔ ክብደቱ ወደ ውስጠኛው እግር ይሄድና የውጭው እግር ባዶውን ይንከራተታል። መታጠፍ ያለበት ከዳሌ በታች ነው። ጉልበትና ዳሌ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ደረት ግን ቀና ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ያያል። ቅልጥማችሁ የጫማውን ምላስ ሲጫን ካልተሰማችሁ ወደ ኋላ ተቀምጣችኋል ማለት ነው።

አለቃችን ለዚህ የምታዘው ልምምድ ቀላል ነው። ወደ ግራ ስትዞሩ የቀኝ እጃችሁ የቀኝ ጉልበታችሁን ይነካል፤ የግራ እጃችሁ ከፍ ይላል። ወደ ቀኝ ስትዞሩ ግልባጩ። ትከሻ ወደ ውስጥ ልውደቅ ቢል እንኳ አይችልም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ለደንበኛ በሁለት ደቂቃ ታሳዩታላችሁ፣ ዕድሜ ልክ ይጠቅመዋል።

ከዚያ ወዲህ የማከራየት ሥራችንም ተለወጠ። የእጅ አንጓ መከላከያ እንደ ምርጫ መቅረቡ ቀረ። ከጫማው ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት፣ መከላከያውን ያላደረገ ሰው አንጓው የመጎዳቱ ዕድል ካደረገው አሥር እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። አለቃችን ይሄን ቁጥር ጽፋ ባንኮኒው ላይ ለጥፋዋለች። በመጀመሪያው ቀን ዱላ አንሰጥም። ዝናብ ከጣለ፣ አስፋልቱ እስኪደርቅ ድረስ ለቁልቁለት የሚፈልግን ሰው እንመልሳለን። እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ድንገት ይከዳል። «ስኪ ላይ ጎበዝ ነኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ ቶሎ እናስተናግደው ነበር። አሁን በጣም ረጅሙን ማብራሪያ የምንሰጠው ለእሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ የአገሬ ሰው ከልጃቸው ጋር መጡ። ከኤርፖርት ቬይል ወደሚባለው የስኪ ከተማ ስኪ ነጂዎችን የሚያመላልሱ ሾፌር ናቸው። ልጃቸው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ባለፈው ዊንተር ስኪ ጀምራ በጣም ወዳዋለች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር እውነት ለስኪ ይጠቅማታል?» አሉኝ ጎማውን በጣታቸው እያሽከረከሩ።

«ይጠቅማታል ጋሼ። ግን ቁልቁለት ከመውጣቷ በፊት ሜዳ ላይ መቆም ትማራለች።»

«እጇን ብትሰብር እናቷ ቤት አታስገባኝም።»

«እርስዎም ይምጡና ይዩ።»

መጡ። ፓርኪንጉ ጫፍ ላይ ቆመው በተጨነቀ ዓይን ያዩ ነበር። ልጅቷ ገና ጀማሪ ስለሆነች ተረከዝ የመግፋት ልማድ አልያዘችም። ጠመኔውን ተከተይ ስትባል ተከተለች። ሽቅብ ዞራ ቆመች። እንደገና ወጣች፣ እንደገና ቆመች። ባልደረባችን ጀሶውን እንዳሰረ አጠገቤ ቆሞ ያያት ነበር። «እኔ እኮ ይሄን ነገር ጭራሽ ተምሬው አላውቅም» አለኝ። «በረዶ ላይ ሁሌም ሌላ መውጫ ነበረኝ።» ከዚያ ወርዶ እሱ ራሱ ያስተምራት ጀመር።

ጀሶው ከተፈታና ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ እሱም ጎማ ላይ ተመለሰ። አለቃችን ከፓርኪንጉ የታችኛው ክፍል አስጀመረችው፤ ያለ ዱላ፣ ከመከላከያ ጋር። አልተከራከራትም።

አንድ ነገር ግን ለሚሞክሩት ሁሉ መናገር አለብኝ። ጎማ ሁሉንም አያስተምርም። ስኪ ይለመጣል፣ ሮለር ብሌድ አይለመጥም። ጎማ ላይ ክብደታችሁን ለሁለቱ እግሮች ተቀራራቢ አድርጋችሁ ታካፍላላችሁ፤ ጠንካራ በረዶ ላይ ግን የውጭው ስኪ አብዛኛውን መሸከም አለበት። እኛ አካባቢ አራፓሆ ቤዝን የሚባለው የስኪ ቦታ ብዙ ጊዜ ጥቅምት ላይ ይከፈታል። ያኔ ያለው ሰው ሠራሽ በረዶ የተነጠፈበት አንድ ጠባብ መስመር ነው፤ ሰውም ይጨናነቃል። ሰመሩን ጎማ ላይ ያሳለፈ ሰው እዚያ ቅስቱን ጨርሶ ፍጥነቱን ስለሚገዛ በሰው መሀል በሰላም ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቅስቶች ላይ ግን ስኪው የዘገየ ይመስለዋል። ጎማ ወዲያው ይታዘዛል፤ ስኪ እስኪለመጥ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ደንበኞቻችንን የመጀመሪያውን ጠዋት በቀላሉ ቁልቁለት ላይ እንዲያሳልፉት፣ ስኪውን አጋድመው እንዲጠብቁት፣ ተረከዛቸውንም እንዳይገፉ እንነግራቸዋለን።