በ32 ባይት የተቆረጡ ስሞች

በምዕራብ ጎጃም ለሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላትን መዝገብና የበቆሎ ርክክብን የሚይዝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስሠራ ብዙ የደከምኩት በገጾቹና በሪፖርቶቹ ላይ ነበር፤ መረጃው በምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀመጥ ያሰብኩት ግን ከግማሽ ቀን ላልበለጠ ጊዜ ነው።

የሥራውን መስፈርት ያዘጋጁት ኃላፊ ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ፈጽሞ የማይከፈት እንዲሆን አዘዙ። እኔም ትእዛዙን እንደ ጥበብ ቆጥሬ፣ እያንዳንዱ አባል 64 ባይት (ባይት የኮምፒዩተር መረጃ መለኪያ ነው) የሚይዝበትን፣ ከዚያም ውስጥ 32ቱ ለስም የተመደቡበትን የራሴን ፎርማት፣ ማለትም የመረጃ አቀማመጥ ሥርዓት፣ ፈጠርኩ። በፋይሉ መነሻ ላይ ስለ ፋይሉ የሚናገር ራስጌም ሆነ የስንተኛው ዕትም ፎርማት እንደሆነ የሚያሳይ የስሪት ቁጥር አላበጀሁለትም። ለሙከራ ያስገባኋቸው ስሞች በላቲን ፊደል የተጻፉ ስለነበሩ ሁሉም ነገር ሠመረ፤ ለጎጃም ገበሬ የሚሠራን መዝገብ በላቲን ፊደል መሞከሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ ኮምፒዩተር ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጥበት ሥርዓት፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 32 ባይት የሚበቃው ለ10 ፊደል ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ወልደጊዮርጊስ አለሙ እና ወልደጊዮርጊስ አለማየሁ የሚባሉ ሁለት አባላት ቢኖሩ፣ የራሳቸው ስም 24፣ ክፍተቱ 1፣ «አለ» ደግሞ 6 ባይት ወስደው የሚተርፈው 1 ባይት ነው። የ«ሙ»ም የ«ማ»ም የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት በመሆኑ ሁለቱ ሰዎች በፋይሉ ውስጥ የሚለያቸው ነገር አይኖርም። የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ክፍያ በሚፈጸምበት ቀን የአንዱ ኩንታል በሌላው ስም ተደምሮ ተገኘ፣ የመዝገብ ሠራተኛዋም ባላጠፋችው ጥፋት ስትወቀስ ዋለች።

እርማቴ ከስሕተቴ ባሰ። የስሙን ቦታ ወደ 96 ባይት ሳሳድገው የአንድ አባል መዝገብ 128 ባይት ሆነ። ፋይሉ ስሪቱን የሚናገርበት ቦታ ስላልነበረው አዲሱ ፕሮግራም የድሮውን ፋይል እንደ አዲስ ቆጥሮ አነበበና የአንዱን ገበሬ ኪሎ በሌላው ስም ውስጥ አስገባ። ቡሬ ያለው መጋዘን አዲሱን ፕሮግራም በፍላሽ ሲቀበል ፍኖተ ሰላም ያለው ገና በድሮው ይሠራ ስለነበር ሁለቱ ዓይነት ፋይሎች ተደባለቁ። በርዝመታቸው ልለያቸው ሞከርኩ፤ ነገር ግን የአባላቱ ቁጥር ተጋማሽ በሆነ ጊዜ የድሮውም ፋይል ርዝመት ያለ ትርፍ ለ128 ይካፈላል። ሁለት ሌሊት ሙሉ እያንዳንዱን ፋይል እየከፈትኩ በዓይኔ ለየሁ። መነሻው ላይ ስሪቱን የሚናገር አንድ ባይት ብጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንንም ሳላማክር መረጃን በአንድ ፋይል ወደሚይዘው የመረጃ ቋት፣ ወደ ኤስኪውኤልላይት፣ ዞርኩ። ፋይሉ ማንነቱን በሚናገር የ16 ባይት መለያ ይጀምራል፣ የራሴን የስሪት ቁጥር የምጽፍበት ቦታም በራስጌው ውስጥ አለ፤ በመመዝገብ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ወደ ቀድሞ ይዞታው ይመለሳል። ሥራው የጽሑፍ ሰነድ ማዘጋጀት ቢሆን ኖሮ ኦዲኤፍ እንደሚባለው የሰነድ ፎርማት፣ ኤክስኤምኤል በሚባል የምልክት ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ በዚፕ ጠቅልሎ ማስቀመጥን እመርጥ ነበር። ኃላፊው ፋይሉን ማንም ሊከፍተው ይችላል ብለው ተቆጡ። ምስጢር የሚጠበቀው በይለፍ ቃልና በምስጠራ እንጂ እኔ ብሞት ማኅበሩ ራሱ ሊያነበው በማይችል ፎርማት አይደለም ብዬ ብመልስላቸውም አልተዋጠላቸውም።

የተቆረጡትን ስሞች ከወረቀት የርክክብ ደረሰኞች እያየን መለስን። ደረሰኛቸው ያልተገኘ ሦስት አባላት ግን ዛሬም በመዝገቡ ላይ በግማሽ ስማቸው ይገኛሉ።